በሰሙ ውስጥ ያለችው ብይ

ነገሩ የተገለጠልኝ በዘበኛችን መንጋጋ ነው። ቀልዴን አይደለም። ዘበኛችንን ሁላችንም «ሬዲዮ» ነው የምንለው፤ ጠዋት ከበሩ ጋር አብሮ ይከፈታል፣ ማታ በሩ ሲዘጋ ግን እሱ አይዘጋም። ለአፍ ዳገት የለውም የሚባለው ለእሱ ነው። ታዲያ ያን ማክሰኞ ጠዋት ዶክተራችን ከስክሪናቸው ቀና ብለው፣ የሬዲዮ የመንጋጋ አጥንት ባንድ ዓመት ውስጥ ከአራት ነጥብ አምስት ሚሊሜትር ወደ ሦስት ነጥብ ሰባት አምስት መውረዱን ነገሩኝ። ሳቄ መጣ። በወሬ አልቆ ነዋ ልል አፌን ከፈትኩ፣ ወዲያው መልሼ ዘጋሁት።

ለምን እንደዘጋሁት እንዲገባችሁ መጀመሪያ ሥራዬን ልንገራችሁ። የጥርስ ክሊኒክ ራጅ ክፍል ውስጥ ነኝ። ሰው ገብቶ አገጩን ማሳረፊያው ላይ ያስቀምጣል፣ እንጨት የምንለውን የፕላስቲክ ዘንግ በፊት ጥርሱ ይነክሳል፣ ሁለት እጀታ ይጨብጣል፣ ማሽኑ እያዜመ ጭንቅላቱን ይዞረዋል። ከዚያ መንጋጋው እንደተዘረጋ ቀበቶ ሆኖ ስክሪን ላይ ይወጣል። እኔ የታችኛውን መንጋጋ ጠርዝ፣ ያችን ነጭ ጠንካራ ቅርፊት፣ በማውዝ ከመስመር እስከ መስመር እለካታለሁ። ቀኑን ሙሉ። ሬዲዮ «ሚሊሜትር» የሚል ስም ያወጣልኝ በዚህ ነው፣ ስሙም ተጣብቆብኝ ቀረ።

የምንለካው በምክንያት ነው። አጥንታቸው የሳሳባቸው ሰዎች የሚወስዱት ማጠንከሪያ ኪኒን አለ። ጥሩ መድኃኒት ነው፣ ስንቱን ከስብራት አድኗል። ግን አንዳንድ ሰው ላይ የመንጋጋውን አጥንት እያወፈረ ይለውጠዋል፤ በዚያ ላይ ጥርስ ከተነቀለ ቁስሉ አልድን ብሎ አጥንቱ ለወራት ተገልጦ ሊቀር ይችላል። ዶክተራችን ይሄንን ከመንቀላቸው በፊት ማወቅ ነው የሚፈልጉት። ስለዚህ ኪኒን የሚወስዱትን በየዓመቱ ራጅ እናነሳለን፣ ለማነጻጸር ደግሞ ኪኒን ነክቶ የማያውቅ ሰው እናነሳለን። ሬዲዮ፣ የጽዳት ሠራተኛዋና እንግዳ ተቀባይዋ ማነጻጸሪያዎች ናቸው።

አሁን ብይዋ ጋ ደረስኩ። ራጅ ነገሩን ከልኩ አሳድጎ ያሳያል። ሰውየው ትንሽ ወደፊት ከቆመ ይብሳል፣ ወደኋላ ከቆመ ሌላ ነው፤ በዓይን አይታመንም። ስለዚህ በሚነከሰው እንጨት ጎን፣ ሮዝ ሰም ውስጥ፣ አንዲት የብረት ብይ እንቀብራለን። አምስት ሚሊሜትር ናት። ራጁ ላይ ብይዋ ስንት ሆና እንደታየች አይተን ከዚያ ተነስተን የአጥንቱን እውነተኛ ልክ እናወጣለን። ኮምፒዩተሩ «የብይዋ ስፋት» ብሎ ይጠይቃል፣ እኔ አምስት ብዬ እጽፋለሁ። ሁሉም ነገር በእሷ ላይ ነው የቆመው።

እና ብይዋን ከዚያ ማክሰኞ ሦስት ሳምንት በፊት ጥያት ነበር።

ሰሙ የሚታጠበው በቀዝቃዛ ውሃ ነው። እኔ ያን ቀን ቸኩዬ ሙቁን ከፈትኩ። ሰሙ ለዘብ አለ፣ ብይዋ ጠብ፣ ከዚያ በእጅ መታጠቢያው ቀዳዳ አንድ ጊዜ ቃ ብላ ሄደች። ውሃ በላት። ውጪ አሥራ አንድ ሰው ተቀምጧል። ከዚያ በፊት አንድ ጥዬ ነበር፤ ያኔ አዲስ እስኪመጣ ሁለት ሳምንት ልኬት ቆመ። ዶክተራችን አልተቆጡኝም። በሩን ቀስ ብለው ዘጉት፣ ያ ብቻ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር፣ ያ ቀስ ብሎ የተዘጋ በር እስካሁን ይሰማኛል።

ስለዚህ መንገዱን ተሻግሬ ብስክሌት ሠሪው ጋ ሮጥኩ። አንድ ቆርቆሮ የኩሽኔታ ብይ ግራሶ የነካው ጨርቅ ላይ ደፋልኝና ስንት ሚሊሜትር እንደምፈልግ ጠየቀኝ። እኔ፣ በዜሮ ነጥብ አንድ ሚሊሜትር ከሰው ጋር የምከራከረው ሰው፣ ጣቶቼን አጥብቤ «ይቺን የምታህል» አልኩት። አንዷን አንስቶ ሰጠኝ። ዓይኔ አምስት ናት አለኝ። በሳሙና አጠብኳት፣ ሰሙ ውስጥ ቀበርኳት፣ የሚቀጥለውን ሰው ጠራሁ። ከዚያ ወዲህ ሠላሳ አንድ ሰው በእሷ ተለክቷል።

ወደ ማክሰኞ ልመለስ። ዶክተራችን በሬዲዮ ብቻ አላበቁም። የጽዳቷ ሴትዮ ከአራት ነጥብ ሁለት ወደ ሦስት ነጥብ አምስት። እንግዳ ተቀባይዋ ከአራት ነጥብ ስምንት ወደ አራት። ምንም ኪኒን የማይወስዱ፣ ድንጋይ ቢሰጧቸው የሚቆረጥሙ ሰዎች። ማሽኑ ሳይታመም አይቀርም አሉ፣ ሰኞ ባለሙያ መጥቶ ያየዋል፣ እስከዚያ ማነጻጸሪያዎቹን እናቆያቸው። ደግነቱ ኪኒን የሚወስዱት ላይ ምንም ለውጥ የለም ብለው ወደ ሥራቸው ዞሩ።

እኔ ወረቀት ስቤ አካፈልኩ። ሦስቱም የቀነሱት እኩል ነው፣ ከስድስት አንድ እጅ። ሦስት የተለያየ መንጋጋ ተማክሮ እኩል አይቀንስም። ብይዋ አምስት ሳትሆን ስድስት ከሆነች ግን ሁሉም ልክ በዚያው መጠን አንሶ ይታያል።

ቀጥሎ የመጣው ሐሳብ ነው ያደረቀኝ። ምንም ያልሆኑት ቀንሰው ከታዩ፣ ምንም ያልሆኑ የመሰሉት ናቸው የተለወጡት። አጥንታቸው ወፍሮ፣ ትልቋ ብይ መልሳ አሳንሳው፣ ደህና መስለው ወጥተዋል።

ከእነሱ አንዷ ደግሞ አክስቴ ናት።

አክስቴ ያሳደገችኝ ናት። ከአራት ዓመት በፊት ከአውቶቡስ ስትወርድ ተንሸራታ እጇ ተሰበረ፣ ቆይቶ ወገቧም ሳስቷል ተባለና ኪኒኑን ጀመረች። በሳምንት አንዴ ነው፣ ቅዳሜ ጠዋት በባዶ ሆድ፤ ከተዋጠ በኋላ ግማሽ ሰዓት መጋደም አይፈቀድም። እሷ መቀመጡንም አታምነውም፣ ስለዚህ ቆማ የኔን ሸሚዞች ትተኩሳለች። አንድ ኪኒን፣ አምስት ሸሚዝ። እኔ የምለብሰው ሁሉ በዚያ ግማሽ ሰዓት የተተኮሰ ነው።

የታች ግራ መንጋጋዋ ላይ አንድ ጥርስ ከተሰነጠቀ ሁለት ወር ሆኖታል። በቀኝ ብቻ ታኝካለች፣ ዳቦ በሻይ ታርሳለች፣ ሳታስበው ጉንጯን በመዳፏ ይዛ ትቆማለች። ዶክተራችን ለመንቀል ሲያመነቱ ነበር። ቁጥር ብቻውን አይፈርድም ይላሉ ሁልጊዜ፣ ግን የእሷ ራጅ ወዲህም ወዲያም የሚያስብል ስለነበረ ሚዛኑን የደፋው ቁጥሩ ነው። አምና ሦስት ነጥብ ዘጠኝ፣ ዘንድሮ አራት። ያው ነው ማለት ነው። ይነቀል፣ ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት። ወሬውን ቤት ይዤላት የሄድኩት እኔው ነኝ። አንተ ከለካኸው በቃ አለችና ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች፣ በግማሽ አፏ።

ማክሰኞ ምሳ ሰዓት ላይ፣ ሚሊሜትር የምንለካበት መሣሪያ፣ ካሊፐሩ፣ ጉልበቴ ጋ ባለው መሳቢያ ውስጥ ነበር። እጄን ብዘረጋ ብይዋን ለክቼ በአንድ ደቂቃ እገላገላለሁ። አልከፈትኩትም። ካልለካኋት አላውቅም፣ ካላወቅኩ ደግሞ አልዋሸሁም። እንዲህ ያለ ነገር ነው ጭንቅላቴ ውስጥ ሲዞር የነበረው። በምትኩ ብስክሌት ሠሪው ጋ ሄድኩ።

ሰውየው አስታወሰኝ። ቆርቆሮው ውስጥ አምስትም ስድስትም እንዳለ፣ የፔዳሉንና የጎማውን አንድ ላይ እንደሚጥለው፣ ለይቶ የሰጠኝ እንዳልሆነ እጁን እየጠረገ ነገረኝ። ከዚያ ምን ላይ እንደገጠምኳት ጠየቀኝ።

«የሰው መንጋጋ ላይ» አልኩት።

ትንሽ አሰበና «ታዲያ ይሽከረከራል?» አለኝ።

ሌላ ቀን ቢሆን እየሳቅኩ ነበር የምመለሰው። መንገዱን ስሻገር መኪና ጡሩምባ ነፋብኝ፣ አልሰማሁትም፤ ሬዲዮ ነው በኋላ የነገረኝ።

ረቡዕ በሌላ በኩል ሞከርኩ። አክስቴ ራሷ ቀጠሮውን ብታራዝመው ማንም ምንም ሳያውቅ ሰኞ አዲስ ብይ ፈልጌ እንደገና አነሳታለሁ፣ ጉዳዩ ተዳፍኖ ይቀራል። ከሥራ ስመለስ ወጥ ቤት ቆማ ሩዝ ታማስላለች። እያዞርኩ ገባሁባት። ጥርስ መንቀል ቀላል ነገር እንዳልሆነ፣ አንድ ሁለት ሳምንት መታገስ እንደማይከፋ፣ የጉንጯም እብጠት ትንሽ ቀነስ ያለ እንደሚመስለኝ ነገርኳት።

ማማሰያውን አስቀመጠችና ዞራ አየችኝ።

«አንተ ራስህ አይደለህ እንዴ ደህና ነው ያልከኝ?»

«እኔማ ብያለሁ...»

«ታዲያ ምን ተገኘ? የተገኘ ነገር ካለ ንገረኝ። ከሌለ ደግሞ ሁለት ወር በአንድ ጉንጭ ኖሬያለሁ፣ የሰው ጥርስ ስለሆነ አላመመህም።»

ምንም አልተገኘም አልኳት። እንደዚያ ነው ያልኩት፣ ሸሚዜን እየነካካሁ። ከዚያ ሩዜን በላሁ። እሷ የሷን በውሃ አቅጥና በማንኪያ ጠጣችው።

ሐሙስ ጠዋት አብረን ነው የሄድነው። ሬዲዮ በር ላይ ቆሞ፣ ማሚ አይዞሽ፣ የዚህ ቤት ሰዎች ከኔ አፍ እንጂ ካንቺ አፍ ጠብ የላቸውም አላት። ሳቀች። እኔን ደግሞ ፊትህ ምነው አመድ ነፋበት እንዴ አለኝ፣ አልፌው ገባሁ።

ወንበሩ ላይ ተጋደመች። ዶክተራችን የማደንዘዣውን መርፌ ወጉና እስኪደነዝዝ ጠበቁ። መሣሪያዎቹ ጎን ላይ በንጹሕ ጨርቅ ተሸፍነዋል። ከዚያ ራጁን ስክሪኑ ላይ እንዳወጣላቸው ጠሩኝ። አወጣሁት። የአክስቴ መንጋጋ፣ የለካሁባት ቢጫ መስመር፣ አጠገቧ አራት ነጥብ ዜሮ። በዚያኛው ጫፍ ደግሞ ብይዋ፣ ክብ ሆና፣ ነጭ ሆና፣ እንደ ዓይን። ዶክተራችን አንዴ አዩትና ራሳቸውን ነቀነቁ። አክስቴ ከወንበሩ ላይ በዓይኗ ጠቀሰችኝ፤ የግራ ከንፈሯ ደንዝዞ ፈገግታ አልታዘዝላት ብሎ ነበር። አይዞህ ማለቷ ነው። እኔን!

ዶክተራችን ጨርቁን ገለጡ።

«ዶክተር፣ ይቺን ቁጥር እንዳያምኗት» አልኩ። «ብይዋ ጠፍታብኝ ነበር። ይቺኛዋን ከብስክሌት ሠሪ ነው ያመጣኋት። አልለካኋትም።»

እጃቸው እዚያው ቀረ። የምራቅ መሳቢያው ቱቦ ያፏጫል። ከዚያ ካሊፐሩን አምጣ አሉኝ።

ሁለት ቀን የሸሸሁትን መሳቢያ ከፈትኩት። ሰሙን በጥፍሬ ፈልቅቄ ብይዋን አወጣሁ። ላቀብላቸው ስል አልተቀበሉኝም።

«አንተ ለካት።»

ለካኋት። ስድስት። ድገም አሉኝ፣ ደገምኩ። ስድስት። ከስድስት ንቅንቅ አላለችም።

ዶክተራችን ለራሳቸው እንደሚያወሩ ሆነው፣ አራት ሲባዛ በስድስት ሲካፈል ለአምስት አሉ። «አራት ነጥብ ስምንት።» አምና ሦስት ነጥብ ዘጠኝ የነበረው። ጓንታቸውን ጣት በጣት አወለቁ፣ መሣሪያዎቹን መልሰው ሸፈኑ፣ ትንሿን ወንበር ስበው አክስቴ ፊት ለፊት ቁጭ አሉ።

ዛሬ አይነቀልም አሏት። ውስጡ ይጸዳል፣ የሚያመው ነርቭ ይወጣል፣ ጥርሱ ይደፈናል፣ ሥሩ ግን አጥንቱ ውስጥ እንዳለ ይቀመጣል፤ አጥንቱ አይነካም። ኪኒኑን በራሷ እንዳታቆም፣ ያዘዘላትን ሐኪም እሳቸው ራሳቸው እንደሚያነጋግሩት ነገሯት። አክስቴ የደነዘዘ ከንፈሯን በእጇ ደግፋ ታዳምጣለች። አንድ ነገር ልትናገር ሞከረች፣ የወጣው ግን አየር ነው። ዓይኗን ግን ከኔ ላይ አላነሳችም።

ከክፍሉ እንደወጣን ዶክተራችን የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። በእነዚህ ሦስት ሳምንታት ከሠላሳ አንዱ ጥርስ የተነቀለለት አለ?

ይሄንን አላሰብኩትም ነበር። የአክስቴን ብቻ ነበር የማስበው፣ የአክስቴንና የራሴን። መዝገቡን አብረን አገላበጥነው። አንድ ሰው ነበር፣ ኪኒኑን የሚወስድ አንድ ልብስ ሰፊ፣ ከአሥር ቀን በፊት። ወዲያው ደወልንለት። እስኪመጣ ድረስ ያለችውን ያችን ሁለት ሰዓት አልነግራችሁም፣ አልችልምም። መጣ፣ መርፌዎቹ ኮሌታው ላይ እንደተሰኩ፣ የጀመርኩት ሱሪ አለ እያለ። አፉን ከፈተ። ድዱ ከአንድ ወገን እየገጠመ ነው፣ ከሌላው ገና። ዶክተራችን አጥንት አይታይም፣ ግን በየሳምንቱ ትመጣለህ አሉት። ምክንያቱን እኔ እንድነግረው አደረጉ። ነገርኩት። አዳመጠኝና፣ ሜትሬ ቢሳሳት ሱሪ ነው የማበላሸው አለ።

ሰውየው ከሄደ በኋላ ያባርሩኛል ብዬ ቆሜ ጠበቅኩ።

«ብይ ይጠፋል» አሉ ዶክተራችን። «ለሚጠፋ ነገር ማንንም አላባርርም። ጥፋትህ ተክተህ ዝም ማለትህ ነው። ማክሰኞ ስለ ማነጻጸሪያዎቹ ሳወራህ አውቀህ ነበር?»

«ጠርጥሬ ነበር።»

ከማውዙ አነሱኝ። አንዲት ሌላ ባለሙያ ናት አሁን የምትለካው፤ እኔ ሰው አቆማለሁ፣ አገጭ አስተካክላለሁ፣ አትነቃነቅ፣ ትንፋሽ አትሳብ እላለሁ። ለሠላሳ አንዱም ሰው ራሴ እንድደውልና ቁጥሩ ለምን እንደተቀየረ በራሴ አፍ እንድናገር አዘዙኝ። አንዳንዱ ጮኸብኝ፣ አንዷ ሴትዮ አለቀሰች፣ አንዱ ሽማግሌ የምትሸጠው ነገር ካለ አልፈልግም ብሎ ሁለቴ ዘጋብኝ። ሬዲዮን ግን በስልክ አይደለም፣ በር ላይ ነው ያገኘሁት። መንጋጋህ አልቀነሰም፣ ያው የድሮው ነው አልኩት።

«ሚስቴ ልታዝን ነው» አለ። «ቀንሷል ስላት ተስፋ አድርጋ ነበር።» ከዚያ ቀረብ አለና፣ እሱ የማይሆንለትን አድርጎ፣ ድምፁን ቀንሶ፣ አክስትህ ደህና ናት ወይ አለኝ።

ያን ሐሙስ ወደ ቤት ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ ጎን ለጎን ነበር የተቀመጥነው። ከንፈሯ እየተመለሰላት ነበር፣ በጣቷ ትነካካዋለች። በአራተኛው ፌርማታ ላይ ወደ መስኮቱ እያየች ተናገረች።

«የጠፋችብህ ዕለት ለምን አልነገርካቸውም?»

«ፈርቼ።»

«ረቡዕስ? እኔ ፊትህ ቆሜ ስጠይቅህ?»

ቅዳሜ ኪኒኗን ውጣ ግማሽ ሰዓት ቆመች። አልተኮሰችም። መስኮቱ ጋ ቆማ ውጪ ውጪውን ስታይ ቆየችና ሰዓቱ ሲሞላ ተቀመጠች። ሸሚዜን ራሴ ተኮስኩ፣ ኮሌታውን አቃጠልኩት፣ አየችውና ወደ ወጥ ቤት ገባች። እንዲህ ሆነን ስንት ሳምንት እንደቆየን አልቆጠርኩም።

የልብስ ሰፊው ድድ በስድስተኛው ሳምንት ገጠመ። ዶክተራችን መብራታቸውን አጥፍተው በቃ ጨርሰሃል ሲሉት፣ እኔ በሩ ጋ ቆሜ ግድግዳውን ይዤ ነበር።

አክስቴ በሦስተኛው ወር ለክትትል ራጅ መጣች። ጥርሷ ተደፍኗል፣ በሁለቱም ጉንጯ ታኝካለች፣ አጥንቷ ግን ገና በዓይን የሚጠበቅ ነው። ማሽኑ ጋ አቆምኳት፣ ከፍታውን አስተካከልኩላት፣ እንጨቱን አቀበልኳት። ልትነክሰው አፏ ድረስ አመጣችውና አወረደችው። ሰሙን በአውራ ጣቷ ነካች።

«ብይዋን ማን ለካት?»

«ሁለት ሰው። ጠዋት ጠዋት ሁለት ሰው ነው የሚለካት፣ ይፈርሙባታል።»

«ከሁለቱ አንዱ አንተ ነህ?»

«አይደለሁም።»

ትንሽ አየችኝ። ከዚያ አገጯን ማሳረፊያው ላይ አስቀመጠች፣ እጀታዎቹን ጨበጠች።

«እንግዲያው ቀጥል» አለችና ነከሰችው።